ከጅቡቲ እስከ ድሬ መጋዘን፦ ስለ ሁለተኛው ሪሌሽንሺፕ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጅቡቲ በኩል ዕቃ ለሚያስገባ የድሬዳዋ ድርጅት አንድ ጭነት ቢያንስ ሦስት ቀን አለው፦ የታዘዘበት፣ ጅቡቲ ወደብ የደረሰበት እና ድሬ መጋዘን የገባበት። ፓወር ቢአይ (የማይክሮሶፍት የሪፖርትና የመረጃ ትንተና ፕሮግራም) ላይ ሦስቱንም ከአንድ የቀን ቴብል፣ ማለትም ቀኖችን በየረድፉ ከሚዘረዝር ሠንጠረዥ፣ ጋር ማያያዝ ይቻላል። አክቲቭ፣ ማለትም ሥራ ላይ ያለ፣ የሚሆነው ግን አንዱ ሪሌሽንሺፕ (ሁለት ቴብል የሚያያይዝ መስመር) ብቻ ነው፤ የቀሩት በተቆራረጠ መስመር ይታያሉ። እሰጥ አገባው የሚነሳው ከነዚህ መስመሮች ነው።

«የተቆራረጠው መስመር ስለማይሠራ ይጥፋ»

አይጥፋ። ዩዝሪሌሽንሺፕ (USERELATIONSHIP) የሚባለው፣ የተኛውን መስመር ለአንድ ስሌት የሚያነቃው ፈንክሽን የሚቀሰቅሰው ሞዴሉ (የተያያዙት ቴብሎች ስብስብ) ላይ አስቀድሞ ያለ መስመር ነው። መስመሩ ከሌለ ፎርሙላው ኤረር ይመልሳል።

«አንዴ ከቀሰቀስኩት ዳሽቦርዱ በሙሉ በመጋዘን ቀን ይጣራል»

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ፈንክሽኑ ካልኩሌት (CALCULATE) በሚባለው የስሌት ፈንክሽን ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ለዚያው ስሌት ብቻ ነው። ሒሳቡን ሰኔ 30 የሚዘጋ ድርጅት እንውሰድ። ሰኔ 21 ቀን 2016 የታዘዘ ጭነት መጋዘን የገባው ሐምሌ 9 ነው እንበል። ስላይሰሩ (ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መምረጫ) ላይ የ2016 በጀት ዓመት ሲመረጥ «የታዘዘ ብር» ጭነቱን ይቆጥረዋል፤ በመጋዘን ቀን የተሠራው «የገባ ብር» ግን ለ2017 ይተወዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ችግሩ ከሥር የተቀመጠው የጭነቶች ዝርዝር ነው፤ ሜዠር (እንደ «የገባ ብር» ያለ የስሌት ፎርሙላ) ስለሌለበት በአክቲቩ፣ ማለትም በታዘዘበት ቀን ይጣራል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ዝርዝሩን ደምራ ከ«የገባ ብር» ካርድ (አንድ ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ሳጥን) ጋር ብታስተያየው አይገጥምላትም፤ ከዚያ በኋላ ዳሽቦርዱን የሚያምነው የለም።

«ሁለተኛ የቀን ቴብል መጨመር ሞዴል ማበላሸት ነው»

እንዲያውም ማይክሮሶፍት ራሱ በተቻለ መጠን አክቲቭ ሪሌሽንሺፕ መጠቀምን ይመክራል፤ ለዚህም የቀን ቴብሉን ማባዛት የታወቀ መንገድ ነው። የአሥር ዓመት ቀን ቢደረደር 3,650 ረድፍ ገደማ ነው፤ ከሽያጭ ቴብል አንጻር ከቁጥር አይገባም። እኔ የምመርጠው በጥያቄው ነው። ሥራ አስኪያጁ የታዘዘውንና የገባውን በአንድ የወር መስመር ላይ ጎን ለጎን ማየት ከፈለጉ ዩዝሪሌሽንሺፕ ይበቃል። «ሰኔ ታዞ ሐምሌ የገባውን አውጣልኝ» ካሉ ግን ሁለት የቀን ቴብል ይሻላል፤ ዝርዝሩም ያኔ በመጋዘን ቀን ይጣራል። ዓምዶቹን «የትዕዛዝ ወር»፣ «የመጋዘን ወር» ብሎ መለየት እንዳይረሳ፤ ሁለቱም «ወር» ከተባሉ ተጠቃሚው የቱን እንደነካ አያውቅም። ማያያዣው የፈረንጅ ቀን ይሁን፣ የኛ ወርና በጀት ዓመት በተጨማሪ ዓምድ ይግቡ፤ ጳጉሜንም ቦታ ይኑራት።

«ፊልተሩን (ማጣሪያውን) በመስመሩ ሁለቱም አቅጣጫ ብከፍተው ይስተካከላል»

አይገናኝም። አቅጣጫ መክፈት የትኛው ቀን ሥራ ላይ እንደሚውል አይለውጥም። ብዙ ቴብል ባለበት ሞዴል ደግሞ ፊልተሩ በየት እንደሚያልፍ ያምታታል።

«የገባው ከታዘዘው ካነሰ ፎርሙላው ተሳስቷል»

አንዳንዴ ዕቃው ገና መንገድ ላይ ነው። የመጋዘን ቀኑ ባዶ የሆነ ጭነት የትኛውም ወር ቢመረጥ «የገባ ብር» ውስጥ አይታይም። ፎርሙላ ከመነካካት በፊት የመጋዘን ቀን የሌላቸውን ጭነቶች የሚቆጥር አንድ ካርድ መሥራት ይቀላል፤ የጎደለው ብር ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል።