የሆልስት የሪግ ቬዳ መዝሙሮች

ጉስታቭ ሆልስት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው «ፕላኔቶቹ» የተባለው የኦርኬስትራ ሥራው ነው። ይህ እንግሊዛዊ የሙዚቃ ደራሲ (1874–1934 እ.ኤ.አ.) ከዚያ ቀደም ብሎ ግን፣ ከ1908 እስከ 1912፣ ለመዘምራን 14 መዝሙሮች ጽፏል። ግጥሙን ያገኘው ከሕንዶች ጥንታዊ ቅዱስ መጽሐፍ ከሪግ ቬዳ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የራሱን ድምፅ ያገኘው እዚህ ነው።

ሪግ ቬዳ ከ1,000 በላይ መዝሙሮች አሉት። ለእሳት፣ ለንጋት፣ ለውሃ፣ ለነጎድጓድ አምላክ የሚዘመሩ ናቸው። ሆልስት በጊዜው የነበሩትን የእንግሊዝኛ ትርጉሞች አልወደዳቸውም። አንብበህ ትረዳቸዋለህ እንጂ ለዜማ አይመቹም። ስለዚህ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ ሪግ ቬዳ የተጻፈበትን ጥንታዊ ቋንቋ ሳንስክሪትን መማር ጀመረ። ቋንቋውን አቀላጥፎ አልቻለውም። መዝገበ ቃላት እያገላበጠ፣ ቃል በቃል እየፈታ፣ ለዘማሪ አፍ የሚመች ግጥም አወጣ።

መዝሙሮቹ አራት ክፍል ናቸው። የመጀመሪያው ለወንዶችና ለሴቶች ድምፅ ከኦርኬስትራ ጋር፣ ሁለተኛው ለሴቶች ከኦርኬስትራ ጋር ነው። አራተኛው ለወንዶች ሲሆን የክርና የነሐስ መሣሪያዎች ያጅቡታል። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ለእሳት አምላክ ለአግኒ የጻፈው መዝሙር በአምስት ምት ይሄዳል። በኋላ የ«ፕላኔቶቹ»ን አንድ ክፍል «ማርስ»ን ሲጽፍም ወደዚሁ ምት ተመልሷል።

ሦስተኛው ግን ሌላ ነው! የሴቶች ድምፅና ሃርፕ (በጣት የሚደረደር ትልቅ ባለ ብዙ ክር መሣሪያ) ብቻ። ስለ ንጋት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ቬናና ስለ መንገደኞች አራት አጫጭር መዝሙሮች ናቸው። ቬና ማለት እዚህ በጭጋግ ውስጥ የምትወጣዋ ፀሐይ ናት። ድምፁ ዝግ ብሎ ይነሳል፤ ቀስ እያለ ይሞላል። የውሃው መዝሙር ላይ ሃርፑ ሲንቆረቆር እውነት ምንጭ አጠገብ የተቀመጣችሁ ይመስላችኋል።

የሴቶችን ድምፅ እንዲህ ያወቀው በሥራው ነው። የእጅ ሕመም ፒያኖውን አስተወው። ትሮምቦን እየነፋ ኖረ፤ ከ1905 ጀምሮ ደግሞ ለንደን ውስጥ በቅዱስ ጳውሎስ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አስተማረ። ከ1907 ወዲህ በሞርሊ ኮሌጅ ሠራተኞችን ያስተምር ነበር። ለድርሰት የሚተርፈው ቅዳሜና እሁድ፣ እንዲሁም የእረፍት ወራት ነው። በየቀኑ የሚሰማው ሙያቸው ሌላ የሆኑ ሰዎችን ዝማሬ ነበር። ምን እንደሚችሉ ያውቃል፤ የማይችሉትን አይጭንባቸውም።

«ፕላኔቶቹ» በ1918 መጀመሪያ ሲቀርብ የመጨረሻው ክፍል «ኔፕቹን» ላይ የዘመሩት ከነዚሁ ተቋማት የመጡ ሴቶች ናቸው። ቃል የለውም፤ ድምፅ ብቻ ነው። በሆልስት ትእዛዝ መሠረት ዘማሪዎቹ ሌላ ክፍል ውስጥ ይቆማሉ። መጨረሻ ላይ በሩ ቀስ ተደርጎ ይዘጋል፤ እነሱ ግን መዘመራቸውን አያቆሙም።