ስለ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ ሰንደቅ ዓላማ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

የዓድዋ በዓል በመጣ ቁጥር ያው ክርክር ይነሣል። አንዱ ልሙጡን፣ ማለትም ዓርማ የሌለበትን ባንዲራ ለብሶ ይወጣል፣ ሌላው ባለ ኮከቡን ይይዛል፣ ባለ አንበሳውን የሚያውለበልብም አይጠፋም። ክርክሩ ፖለቲካ ስለገባበት ቶሎ የሚያልቅ አይመስለኝም። የሚያሳዝነኝ ግን በየወገኑ ማስረጃ ተብሎ የሚጠቀሰው ታሪክ አብዛኛው የተዛባ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው የሞተለት ሰንደቅ ዓላማ ታሪኩ በትክክል ሊነገርለት ይገባል።

«ባንዲራችን እንዳለ ሦስት ሺህ ዘመን የኖረ ነው»

ቀለማቱን ከኖኅ ቀስተ ደመና ጋር የሚያያይዘው ትውፊት በብዙ ምእመናን ልብ ውስጥ የከበረ ቦታ አለው፤ ይህን በእምነቱ የያዘ ሰው የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። የታሪክ ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ሦስቱ ቀለማት በአንድ ባለ አራት ማዕዘን ጨርቅ ላይ ተሰፍተው የአገር ሰንደቅ ዓላማ የሆኑት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቀለማቱ ለየብቻ በተቆረጡ ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቆች ላይ ሆነው፣ አንዱ ካንዱ በላይ በአንድ ዘንግ ይታሰሩ ነበር።

የምኒልክን ባንዲራ ዛሬ የሚያየው ሰው ተገልብጦ የተሰቀለ ሊመስለው ይችላል። ቀዩ ከላይ፣ ቢጫው መሐል፣ አረንጓዴው ከታች ነበር፤ ቢጫው ላይ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ስም መነሻ የሆነው «ም» ፊደል ተጽፎበታል። ፊደሉ የተነሣውና አረንጓዴው ወደ ላይ የወጣው ምኒልክ ካረፉ በኋላ ነው።

«የዓድዋ ሠራዊት የዘመተው አሁን የምናውቀውን ባንዲራ ይዞ ነው»

ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ሦስቱን ቀለማት አንድ ያደረገው ሰንደቅ ዓላማ የወጣው ደግሞ በ1890። ቀለማቱ በዘመኑ አይታወቁም ነበር ማለት አይደለም። ግን በዓድዋ ሥዕሎች ላይ የምናየው፣ አረንጓዴው ከላይ ሆኖ የሚውለበለበው ባንዲራ የሠዓሊዎቹን ዘመን ነው የሚያሳየን፤ ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ የተሣሉት ከጦርነቱ አሥርት ዓመታት በኋላ ነውና። የድሉን ክብር ይህ አይቀንሰውም። እንዲያውም ሰንደቅ ዓላማው ድሉን ተከትሎ መምጣቱ ነው በአፍሪካውያን ዘንድ ያን ያህል ሞገስ የሰጠው።

«ልሙጡ የነገሥታቱ ባንዲራ ነው፣ ሌሎቹ መንግሥታት አያውቁትም»

ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ልሙጡን የሚወዱትም የሚጠሉትም እኩል ይሳሳቱታል። የሚወዱት «የአባቶቻችን ንጹሕ ባንዲራ፣ ምንም ያልተጨመረበት» ይላሉ። የሚጠሉት ደግሞ «የአሮጌው ሥርዓት ምልክት» ይሉታል።

ቅደም ተከተሉን እንየው። የምኒልኩ ባንዲራ ፊደል ነበረበት፤ ስለዚህ ልሙጥ አልነበረም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ልሙጡም ባለ አንበሳውም ጎን ለጎን አገልግለዋል፤ አንበሳው በመንግሥቱ ሰንደቅ ላይ ይውላል፣ ሕዝቡ ልሙጡን ይሰቅላል። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ከወረዱ በኋላ ደርግ አንበሳውን ወዲያው አላነሣውም። መጀመሪያ ዘውዱን ከራሱ ላይ አወለቀበት፤ አንበሳው ይዞት የነበረው ባለ መስቀል ዘንግም በጦር ተተካ። ትንሽ ቆይቶ አንበሳው ጨርሶ ተነሣና የአገሪቱ ይፋዊ ሰንደቅ ዓላማ ልሙጡ ሆነ፤ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ በጳጉሜን 1979 እስኪታወጅ ድረስም እንዲሁ ቆየ። መዶሻና ማጭዱ የገዢው ፓርቲ የኢሠፓ ዓርማ ነበር እንጂ በአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ አልተደረገም።

ከዚያም ኢሕአዴግ በግንቦት 1983 አዲስ አበባ ገባ፤ የሽግግሩም መንግሥት የተጠቀመው ያንኑ ልሙጡን ነው። ኮከቡ የመጣው በጥር 1988፣ በአዋጅ ቁጥር 16/1988 ነው። እንግዲህ ልሙጡን ንጉሡም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም በየተራ ሰቅለውታል። ይህን ባንዲራ የአንድ ወገን ብቻ አድርጎ ማቅረብ፣ ለመውደድም ይሁን ለመጥላት፣ በታሪክ አይደገፍም።

«ልሙጡን የከለከለው ሕገ መንግሥቱ ነው»

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ሰንደቅ ዓላማው ከላይ አረንጓዴ፣ ከመሐል ቢጫ፣ ከታች ቀይ ሆኖ በመሐሉ ብሔራዊ ዓርማ እንደሚኖረው ይደነግጋል፤ ክልሎችም የየራሳቸው ሰንደቅ ዓላማና ዓርማ ሊኖራቸው እንደሚችል ይፈቅዳል። ዓርማው የሌለበትን ባንዲራ መጠቀምን በግልጽ የከለከለው ግን በኋላ የወጣው የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ነው። ሕገ መንግሥቱ ነሐሴ 15 ቀን 1987 በሥራ ላይ ሲውል ዓርማው ገና በአዋጅ አልወጣም ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ አዋጅን ምክር ቤቱ በራሱ ሥልጣን ሊያሻሽለው ይችላል፣ ሕገ መንግሥትን ማሻሻል ግን ሌላ ረጅም መንገድ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሚከራከር ሰው፣ የትኛውንም ወገን ቢይዝ፣ የቱን ሕግ እንደሚጠቅስ ማወቅ አለበት።

«ኮከቡ የሰይጣን ነው»፣ «ኮከቡ የእስራኤል ነው»

የእስራኤሉ ባለ ስድስት ጫፍ ነው፤ የእኛው ባለ አምስት። ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ደግሞ በብዙ አገሮች ባንዲራ ላይ፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም በሆኑት፣ ያለ ምልክት ነው። የሞሮኮን ማየት ይበቃል፤ እሱም እንደኛው በተጠላለፉ መስመሮች የተሠራ ነው። አዋጁ የሚሰጠው ትርጉም ግልጽ ነው። ሰማያዊው ክብ ሰላምን፣ ቀጥታና እኩል የሆኑት መስመሮች የብሔር ብሔረሰቦችን፣ የሕዝቦችንና የሃይማኖቶችን እኩልነት፣ ኮከቡ አንድነታቸውን፣ ጨረሮቹ ብሩህ ተስፋን ያመለክታሉ። ዓርማውን አልወደውም ማለት የማንም መብት ነው። የሌለበትን ትርጉም መስጠት ግን ትክክል አይደለም።

ስለ ቀለማቱም እንዲሁ «ትርጉሙ ይሄ ብቻ ነው» የሚል ይበዛል። በሃይማኖታዊው አተረጓጎም ቀለማቱን ከሥላሴ፣ ወይም ከእምነት፣ ከተስፋና ከፍቅር ጋር የሚያያይዙ አሉ። የ2001ዱ አዋጅ አረንጓዴው ሥራን፣ ልምላሜንና ዕድገትን፣ ቢጫው ተስፋን፣ ፍትሕንና እኩልነትን፣ ቀዩ ለነፃነትና ለእኩልነት የተከፈለን መሥዋዕትነትና ጀግንነት ያመለክታል ይላል። ቀለማቱ ሳይለወጡ ትርጉማቸው ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል።

«ባለ አንበሳው የራስተፈሪያን ነው»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ የኢትዮጵያ ነገሥታት መጠሪያና ምልክት ነበር። የጃማይካ ራስተፈሪያን ከእኛ የወሰዱት አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ከነገሡ በኋላ፣ እሳቸውን በማመን ነው።

«ወርዶ አያውቅም»

ወርዷል፣ ይህን መሸሸግም አያስፈልግም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ሲገባ በዋና ከተማዋ የተሰቀለው የፋሺስት ኢጣሊያ ባንዲራ ነበር። የኢትዮጵያ ባንዲራ በየጫካውና በየበረሃው በአርበኞች እጅ ነበር የቀረው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 በሱዳን ጠረፍ፣ ኦሜድላ ላይ መጀመሪያ ያደረጉት ባንዲራውን መስቀል ነበር። ከከተማው በወረደ በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው በሚያዝያ 27፣ አዲስ አበባ ገቡ። ለእኔ የባንዲራው ክብር ጎልቶ የሚታየው በእነዚህ አምስት ዓመታት ነው፤ «ወርዶ አያውቅም» የሚለው አባባል የአርበኞቹን ድካም ይጋርድብናል።

«አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያለበት ባንዲራ ሁሉ ከእኛ የተቀዳ ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ጋና እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ ስትወጣ ቀይ፣ ወርቃማና አረንጓዴ መረጠች፤ ከዚያ ጊኒ፣ ሴኔጋል፣ ማሊና ሌሎችም ቀለማቱን ያዙ፤ በቅኝ ግዛት ያልወደቀችው ኢትዮጵያ ለእነሱ አርአያ ነበረች። የጋናን ባንዲራ የሣለችው ቴዎዶስያ ኦኮ ቀዩን ከላይ፣ አረንጓዴውን ከታች አድርጋዋለች፤ ልክ እንደ ምኒልኩ ባንዲራ። መሐል ያለው ጥቁር ኮከብ ግን ከእኛ አይደለም፤ መነሻው የጃማይካዊው የጥቁሮች መብት ታጋይ የማርከስ ጋርቬይ «ብላክ ስታር» (ጥቁር ኮከብ) የመርከብ ድርጅት ነው። የጋርቬይ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1920 የወሰናቸው ቀለማትም ቀይ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ስለሆኑ፣ እንደ ኬንያ ያሉ አገሮች ባንዲራ ከእነሱ ጋር እንጂ ከእኛ ጋር አይዛመድም።

ቦሊቪያና ሊትዌንያ ደግሞ ጨርሶ አይገናኙንም። የሊትዌንያው እ.ኤ.አ. በ1918 ለራሷ ነፃነት የተመረጠ ነው። የቦሊቪያው ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እ.ኤ.አ. ከ1851 ጀምሮ ያለ ነው፤ ማለትም የምኒልክ ባንዲራ (እ.ኤ.አ. በ1897) ከመሰፋቱ አርባ ስድስት ዓመት በፊት።