ፈርምዌር ምንድን ነው? ላፕቶፕ ሲመረጥስ ምን አገባው?

ላፕቶፕ ውስጥ ያለው የዋይፋይ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ፕሮሰሰርና ሜሞሪ አለው፤ በዚያ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። ግራፊክስ ካርዱም፣ ኤስኤስዲውም የየራሳቸው አላቸው፤ ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ባዮስም ራሱ ፈርምዌር ነው። ድራይቨር ሌላ ነገር ነው፦ እሱ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ፣ ሊኑክስ በተባለው ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት (ከርነል) ውስጥ ሆኖ ካርዱን ያዛል። ስለዚህ «ኦፕን ሶርስ ድራይቨር አለው» የተባለ ካርድ ፈርምዌሩ ዝግ፣ ማለትም የምንጭ ኮዱ ለሕዝብ ያልተለቀቀ፣ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኞቹም እንደዚያው ናቸው።

አንዳንዱ ፈርምዌር ዕቃው ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ከፋብሪካ ተጭኖ ይመጣል። ሌላው ግን ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ድራይቨሩ ከዲስክ አንሥቶ ይጭንለታል። የመጀመሪያውን ማንም ልብ አይለውም፤ ራስ ምታት የሚሆነው ሁለተኛው ነው፣ ፋይሉ ዲስክ ላይ ከሌለ ዕቃው አይሠራምና። (ዲስክ ላይ ያለውን ዝግ ፋይል ተጸይፎ ቺፕ ውስጥ የተቀበረውን በዝምታ መቀበል ግን ብዙም አያስኬድም፤ ሁለቱም ያው ዝግ ናቸው።)

ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት እስከ 11ኛው እትሙ ድረስ ዝግ ፈርምዌርን በዋናው መጫኛ ውስጥ አያስገባም ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ይህ ተቀየረ፤ በጁን 2023 የወጣው 12ኛው እትም ፋይሎቹን ይዞ ይመጣል። ቢሆንም ሁሉንም አይደለም። እንደ ቢሲኤም4331 ያሉ የድሮ ማክቡክ የብሮድኮም ካርዶች ፈርምዌራቸውን ማከፋፈል ስለማይፈቀድ ለእነሱ የተዘጋጀው ፓኬጅ (የፕሮግራም ጥቅል) ሲጫን ፈርምዌሩን ከኢንተርኔት ሊያወርደው ይሞክራል። ዋይፋዩን ለማስነሣት ኢንተርኔት፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ዋይፋይ ያስፈልጋል ማለት ነው። መውጫው ስልክ ነው፦ አንድሮይድ ስልክን በገመድ ሰክቶ ዩኤስቢ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ማጋራት) ማብራት። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል፤ ለዚህ ተጨማሪ ፈርምዌር አይጠይቅም።

ካርዱ ተበላሽቷል ወይስ ፋይል ጎድሎት ነው? ተርሚናል ላይ sudo dmesg የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ firmware የሚል ቃል ያለበትን መስመር መፈለግ ነው። የፋይል ስም ተጠቅሶ መጨረሻው ላይ -2 ካለ ትርጉሙ «ፋይሉን አላገኘሁትም» ነው። ካርዱ ደህና ነው፤ ፋይሉ ያለበትን ፓኬጅ ጭኖ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሣት ብቻ ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን 12 ያለበት የማስነሻ ፍላሽ ይዞ መሄድና ሻጩ ፊት ሳይጭኑ ማስነሣት ይበጃል። ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራ፣ ክዳኑን ዘግቶ መክፈት፤ እነዚህን ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። lspci -nnk የሚለውን ትእዛዝ ሲሰጡት የእያንዳንዱን ዕቃ መለያ ቁጥርና የያዘውን ድራይቨር ያሳያል፤ በ8086 የሚጀምር መለያ የኢንቴል ነው። የሞዴል ስም ብቻ ማመን አያዋጣም፣ አንዱ ሞዴል በተለያየ ካርድ ሊሸጥ ይችላልና።

ካርዱን መቀየር የፈለገም ይጠንቀቅ። የኢንቴል ኤኤክስ210 ተራ ካርድ ስለሆነ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ባለው ላፕቶፕ ላይም ይሠራል፤ ኤኤክስ201 ግን ግማሽ ሥራው ኢንቴል ፕሮሰሰሩ ወይም ቺፕሴቱ ውስጥ ስለሆነ ሌላ ቦታ ቢሰካም አይነሣም። መልካቸው ስለሚመሳሰል ቁጥሩን ማንበብ ግድ ነው። እንደ ኤክስ230 ያሉ የድሮ የሌኖቮ ቲንክፓዶች ደግሞ ባዮሳቸው የተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር አለው፤ ያልተመዘገበ ካርድ ከተሰካ 1802 የሚል ስሕተት አውጥተው አንነሣም ይላሉ።

ግራፊክስ ላይ ነገሩ ይብሳል። እንደ ጂቲኤክስ 960 እና 1060 ያሉት የኤንቪዲያ ካርዶች አምራቹ የፈረመበትን ፈርምዌር ካልሆነ አይቀበሉም፤ በዚህ ምክንያት ኑቮ የተባለው ነፃ ድራይቨር ፍጥነታቸውን ከፍ ሊያደርግ አይችልም። ኤኤምዲም ዝግ ፋይል ይፈልጋል፣ ነፃ ድራይቨሩ ግን ከርነል ውስጥ አለ፣ ካርዱም በሙሉ አቅሙ ይሠራል። ስለዚህ ምርጫ ካለ ኤኤምዲ ወይም ኢንቴል።

ከዲስክ የሚጫን ምንም ዝግ ፋይል አልፈልግም ለሚል፣ ኤቲኤች9ኬ በሚባለው ድራይቨር የሚሠሩት የአቴሮስ ካርዶች አሉ። ኤአር9285 ለምሳሌ ያለ አንዳች ፋይል ይነሣል፤ ዕድሜው ግን ገፍቷል፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚያውቀው። ኤአር9462 5 ጊጋኸርዝም ያገኛል፤ ብሉቱዙ ግን አሁንም ፈርምዌር ይጠይቃል።