ፍሊከር ምንድን ነው? የስቶፕ ሞሽን ብርሃን ለምን ይርገበገባል?

የጀጎልን ጠባብ መተላለፊያ በካርቶንና በጀሶ አንድ ለስድስት አሳንሳችሁ ሠራችሁ እንበል፤ 4 ሜትሩ ግንብ 67 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። አሻንጉሊቷን ጥቂት በጥቂት እያራመዳችሁ ፎቶ አንስታችሁ እንደ ፊልም ስታጫውቱት (ስቶፕ ሞሽን ማለት ይህ ነው) ግን ማንም ያልነካው ግንብ ይፈካል፣ ይደበዝዛል። ፍሊከር የሚባለው ይህ ነው፤ ብርሃኑ ወይም ቀለሙ ከፎቶ ፎቶ መለዋወጡ።

በሴኮንድ 12 ፎቶ ብትጠቀሙ ለ10 ሴኮንድ 120 ፎቶ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ 2 ደቂቃ ቢወስድ 4 ሰዓት ሞላ ማለት ነው፤ በዚያ ጊዜ ፀሐይ 60 ዲግሪ ትዞራለች። መስኮቱ ክፍት ከሆነ የግንቡ ጥላ በ10 ሴኮንድ ውስጥ መተላለፊያውን አቋርጦ ይሄዳል። ስለዚህ መብራት ከመትከላችሁ በፊት መስኮቱን በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ድፈኑት።

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የተደፈነ ክፍል ቶሎ ይግላል። ሃሎጂን አምፖል ሲጨመርበት አሻንጉሊቷ የተሠራችበት ፕላስቲሲን (ጭቃ መሰል ማቡኪያ) ይለሰልስና ክንዷ በራሱ ይወርዳል፤ ቬንትሌተር ስትከፍቱ ሻሿ ይርገበገባል። ኤልኢዲ ተጠቀሙ፣ ከተቻለም ሌሊት ሥሩ።

የመብራት ኃይሉም የራሱ ጣጣ አለው። ፍሪጅ ሲነሳ ቮልቴጁ ለአፍታ ዝቅ ካለ ርካሽ አምፖል አብሮ ይደበዝዛል፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል አዳፕተር ያለው ኤልኢዲ ግን ብዙውን ጊዜ አይነቃነቅም። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ ግማሽ ሴኮንድ ብታደርጉት ይህ ተዳምሮ ይጠፋል።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌንሱን ነው። ካሜራው የሚያዘው አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንስ ቀዳዳ) በየፎቶው ተከፍቶ ሲዘጋ ቀዳዳው በጥቂቱ ይለያያል፣ ግንቡም ይርገበገባል። ሙሉ በሙሉ ክፍት አድርጎ ማንሳት ችግሩን ቢያጠፋም የጀርባው ግንብ ስለሚደበዝዝ ሞዴሉ መጫወቻ ይመስላል። መተላለፊያው እውነተኛ እንዲመስል ጠበብ ያለ ቀዳዳ፣ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11፣ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አፐርቸሩ በእጅ ቀለበት የሚዞር የድሮ ሌንስ ከሁሉም ይሻላል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ሹተር፣ ፎከስና ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) ሁሉም በማኑዋል፣ ማለትም በእጅ የተስተካከሉ፣ ይሁኑ። በስልክ የምታነሱ ከሆነም በአፑ ቆልፏቸው።

አንዳንዴ ምንጩ አንሺው ራሱ ነው። ኖራ የተቀባ ግንብ አጠገብ ቀይ ሸሚዝ ለብሳችሁ ከቆማችሁ ግንቡ ይቀላል፤ ፈቀቅ ስትሉ ይነጣል። ጥቁር ልበሱ፣ በየፎቶውም እዚያው ቦታ ቁሙ። የሚያብረቀርቅ ቀለምም አትቀቡ።

ፍሊከርን በሶፍትዌር ማስተካከል ይቻላል፤ ግን የሚሠራው ፎቶው በሙሉ እኩል ሲፈካና ሲደበዝዝ ነው። የተንቀሳቀሰ ጥላን አይመልስም። ከቀረጻ በፊት ምንም ሳታንቀሳቅሱ 24 ፎቶ አንሱና አጫውቱት። ከተርገበገበ መጀመሪያ መስኮቱን፣ ቀጥሎ ሌንሱን፣ ከዚያ አምፖሎቹን አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ፈትሹ።