ዘላቂ የሥር አሰባሰብ ምንድን ነው?

የባህል ሐኪሙን ሰው «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» ይለዋል። ለተክሉ ግን መማስና መበጠስ እኩል አይደሉም። ቅጠሉን የበጠሱት ዛፍ ዝናብ ሲያገኝ መልሶ ያቆጠቁጣል። ሥሩን የማሱት ዛፍ ዕጣው እንደ አማማሱ ነው። ሊያገግም ይችላል፣ ቆሞ ሊደርቅም ይችላል።

ዘላቂ የሥር አሰባሰብ ማለት ዛፉ እንዲያገግም አድርጎ መማስ ነው። መድኃኒቱ ይወሰዳል፣ ዛፉ ይተርፋል።

በቅርቡ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስወጣ መንገድ ዳር አንድ አጋም አየሁ። ዙሪያውን ተቆፍሯል። ጉድጓዱ አልተደፈነም፤ የቀሩት ሥሮች ፀሐይ እየመታቸው ነው። ቅጠሉ ገና አልጠወለገም ነበር። አንጀቴን በላው። የአጋም ሥር ለቡዳ ይታጠናል፣ ለሆድ ቁርጠትም የሚወስዱት አሉ፤ ስለዚህ ፈላጊ አያጣም። በማሰው ሰው አልፈርድም፣ እንጀራው ሊሆን ይችላል። ግን ግማሹን ቢተውለት ኖሮ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ያገኘው ነበር።

እንዴት ይማሳል? ቁልቁል የሚወርደው ዋናው ሥር ጨርሶ አይነካም። የሚወሰደው ወደ ጎን ከሚሄዱት ጥቂቱ ነው፤ እሱም ከአንድ ወገን ብቻ፣ ከግንዱ ራቅ ብሎ። ምክንያት አለው። ውኃን ከአፈር የሚስቡት ጫፍ ላይ ያሉት፣ ፀጉር የሚያህሉ ቀጫጭን ሥሮች ናቸው። ወፍራሙ ሲቆረጥ በሱ ላይ ያሉት ሁሉ አብረው ይሄዳሉ። ከአራቱም ወገን ከተቆረጠ ዛፉ በውኃ ጥም ይደርቃል። ባይደርቅ እንኳ የሚይዘው ስለሌለ ነፋስ ይጥለዋል።

ሥሩ በስለት ይቆረጥ እንጂ ተጎትቶ አይገንጠል። የተተረተረ ቁስል ቶሎ አይድንም፣ ብስባሴም ይገባበታል። ከዚያ አፈሩን መልሶ ጠቅጠቅ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይቺን ነው። እንደ እንጦጦ ባለ ዳገት ላይ ክፍት የተተወ ጉድጓድ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ያሰፋዋል። ለጋ ተክል አይማስም። ያደገውም ቢሆን ዘሩን እስኪጥል ይጠበቃል። አንዴ የተማሰ ዛፍ ደግሞ ለዓመታት እንዲያርፍ ይተዋል።

ይሄ ሁሉ ግን ለቀበርቾ አይሠራም። ቀበርቾ ዛፍ አይደለም፤ እሾሃማ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ መሰል ተክል ነው። የሚፈለገውም ተክሉ የቆመበት ወፍራሙ ሥር ራሱ ነው። እሱን ማውጣት ተክሉን መንቀል ነው። ለምችም፣ ለራስ ምታትም፣ ለአራስ ቤትም ስለሚታጠን በየገበያው ይሸጣል። በተፈጥሮው የሚበቅለው ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። እዚህ ካለቀ ከየትም አናመጣውም።

ስለዚህ ለቀበርቾ የሚያዋጣው ዘሩን ሰብስቦ መዝራት ነው። ሱሉልታም ሆነ ቡራዩ ጓሮ ያለው ሰው ሊሞክረው ይችላል። ገዢም ድርሻ አለው። ሥር ስትገዙ «እማማ፣ ይሄ ከጓሮ ነው ከጫካ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከጓሮ ከሆነ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን ግዙ።