«የማንንም ቃል አትቀበል» ሲሉ ምን ማለታቸው ነበር?

የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሳይንስ ማኅበር የተመሠረተው በ1660 እ.ኤ.አ. ነው። መፈክሩ በላቲን «ኑሊየስ ኢን ቨርባ» ይላል፤ በግርድፉ «በማንም ቃል አይደለም» እንደማለት። ብዙ ሰው «ማንንም አትመን» ብሎ ይረዳዋል። እንደዚያ አይደለም። «አርስቶትል ብሏል» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ሠርተህ አሳየን ነው ነገሩ።

ለምሳሌ ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ የነበረውን የሳይንቲስቱን የሮበርት ቦይልን የአየር ፓምፕ እንውሰድ። አየሩ ከመስታወቱ ዕቃ ተስቦ ሲወጣ ውስጥ ያለው ሻማ ይጠፋል፣ ውስጡ የተቀመጠ ሰዓት ድምፅም እየደከመ ይሄዳል። የተገኙት ያያሉ፤ የታየው ይጻፋል። የፍርድ ቤት ምስክር በሉት።

የሚያስቀው ግን ፓምፑ ውድ ነበር፤ በዚያ ላይ በደንብ ስለማይዘጋ ከውጭ አየር ያስገባል፤ ስለዚህ ሌላው ሰው ራሱ ሠርቶ ማየት ይከብደው ነበር። በቦታው ያልነበረ ሰው ያው የተጻፈውን ከማመን ሌላ ብዙ አማራጭ አልነበረውም። ለዚህም ነው ቦይል አንባቢው እንዲያምነው ያልተሳኩትን ሙከራዎች ሳይቀር በዝርዝር ይጽፍ የነበረው።