«ፓስወርዱን ሦስት ጊዜ ቀየርኩት፣ አሁንም ያስወጣናል»

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ካፌ ያላቸው አንድ ጋሼ ሰሞኑን ደወሉልኝ። ቁርስ ሰዓት ላይ ዋይፋዩ ደንበኞቹን እያስወጣ አስቸግሯቸዋል። «ጠልፈውኛል» አሉ። ቡናዬን ይዤ ቁጭ አልኩና የሚሉትን አንድ በአንድ ሰማሁ።

«ጠንካራ ፓስወርድ ካለ ማንም አያስወጣንም»

አይደለም። ፓስወርድ የሚጠብቀው የምንላላከውን መረጃ ነው። ስልክና ራውተር ግን ስለ ግንኙነቱ ራሱም ይነጋገራሉ፤ «ልግባ»፣ «ግባ»፣ «ውጣ» ይባባላሉ። በድሮው የዋይፋይ ደንብ «ውጣ» የምትለው መልእክት ማረጋገጫ የላትም። የራውተሩን አድራሻ አስመስሎ የላከ ሁሉ ስልኩን ያስወጣዋል። ታክሲ ውስጥ አንዱ ከኋላ ሆኖ በየመቶ ሜትሩ «ወራጅ አለ!» ሲል አስቡት። ሾፌሩ ማን እንዳለው ሳያጣራ ይቆማል።

ይህን ለመድፈን 802.11ደብሊው የተባለው ማሻሻያ በ2009 እ.ኤ.አ. ወጣ። በ2018 እ.ኤ.አ. የመጣው አዲሱ የዋይፋይ ደህንነት ደንብ፣ ደብሊውፒኤ3፣ ደግሞ ግዴታ አደረገው። በቀደመው ደንብ፣ በደብሊውፒኤ2፣ በሚሠሩ ራውተሮች ላይ ግን ብዙ ጊዜ አማራጭ ነው። የጋሼ ራውተር ላይ ፒኤምኤፍ በሚል ስም ተቀምጧል፣ ጠፍቶ። አበራሁት። «ግዴታ» አላልኩትም፤ አሮጌ ስልክ የያዘ ደንበኛ ጭራሽ መግባት ያቅተዋል።

«ስሙን ከደበቅኩት አያገኙኝም»

ስልኩ ሲገባ ስሙን ራሱ ጮክ ብሎ ይጠራዋል። እንለፈው።

«ደብሊውፒኤ3 ካለ አለቀ»

እሱም አያልቅም። ዋይፋይ ጨዋ ነው፤ ሌላው ሲናገር ዝም ይላል። መልእክቱም «ይህን ያህል ጊዜ አየሩን ይዣለሁ» ይላል፤ ትልቁ ልክ 32,767 ማይክሮሰከንድ ነው። ይህችን በሰከንድ 31 ጊዜ ያህል የላከ ሰው፣ በደንቡ ከሄድን፣ ሰፈሩን ሁሉ ዝም ያሰኛል። ፒኤምኤፍ እዚህ ጋ አይደርስም። ደግነቱ በ2003 እ.ኤ.አ. የሞከሩት ተመራማሪዎች ብዙዎቹ መሣሪያዎች ደንቡን በቅጡ እንደማይከተሉ አይተዋል። ለአንድ ጊዜ እንኳን ስንፍና ጠቀመ።

«ከተቋረጠ ጥቃት ነው»

የጎረቤት ራውተሮችን ቆጠርኩ፤ ሰባቱ ከጋሼ ጋር ቻናል 6 በሚባለው አንድ የሬዲዮ መስመር ላይ ተደራርበዋል። ያኔ አስተናጋጇ ኬክ ልታሞቅ ማይክሮዌቭ ከፈተች። የእኔም ስልክ ወጣ። ማይክሮዌቭ የሚሠራው እዚያው 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው።

«ታዲያ ጠላፊው የታለ?» አሉኝ ጋሼ። በጣቴ አሳየኋቸው።

«ይቺ? ገና ባለፈው ወር የገዛኋት!»